በሲኒ፣ በእንቁላልና በቅል ላይ ለሚስል ማሽን እስክሪብቶና ማርከር አመራረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ለሠርግና ለምርቃት ስጦታ የሚሆኑ ሲኒዎችን በማሽን መሳል ከጀመርሁ ወዲህ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ማሽኑ ነው፤ ሞተሩ ምን ዓይነት ነው፣ ፕሮግራሙ ምንድን ነው፣ ዋጋውስ ስንት ይደርሳል? ስለ እስክሪብቶው የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ እስካሁን ካበላሸኋቸው ሲኒዎችና እንቁላሎች መካከል በማሽኑ ጥፋት የተበላሹት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁሉ የተበላሹት ለዕቃው የማይስማማ ቀለም በመምረጤ ነው።

ማሽኑን አይቶት ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጸው። ዕቃው ጎማ በለበሱ ሁለት መያዣዎች መካከል ይጋደማል፤ አንደኛው ሞተር ዕቃውን ባለበት ያዞረዋል፤ ሁለተኛው ሞተር እስክሪብቶውን የያዘውን ክንድ ከዕቃው በላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሰዋል፤ ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር ደግሞ እስክሪብቶውን ያነሣዋል፣ ያሳርፈዋል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990 ያፈለቀው ብሩስ ሻፒሮ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ኤግቦት በሚል ስም የሚሸጠው መገጣጠሚያ ከ3 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያላቸውን ድቡልቡል ነገሮች ይይዛል። የእኔ ማሽን አርዱዊኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚሠራ፣ ክንዱና እግሩ እዚሁ ከተማ የተቆረጠ የዚያው ዘመድ ነው።

ወደ እስክሪብቶው ከመግባታችን በፊት አንድ ስሌት መሥራት ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ የተለመደው፣ በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይወስዳል፤ መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፍለው 3,200 ይሆናል። 4.4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው እንቁላል ወገቡ ላይ ዙሪያው 138 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የማሽኑ አንድ እርምጃ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ያነሰ ርቀት ነው። በገበያ ከምናገኛቸው ማርከሮች ቀጭን የሚባለው እንኳ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር መስመር ያሰምራል፤ ይህም የእርምጃው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ርካሹ ሞተር ሳይቀር ከማንኛውም ማርከር የረቀቀ ነው ማለት ነው፤ የሥዕሉን ጥራት የሚወስኑት የእስክሪብቶው ጫፍና ያ ጫፍ የሚያርፍበት ገጽ ናቸው።

ከቀለሙ በፊት ዕቃው

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ጥሩ የተባለ ማርከር ይገዙና በሁሉም ነገር ላይ ሊሠሩበት ይሞክራሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ዕቃው ቀለም የሚጠጣ መሆን አለመሆኑን፣ ቀጥሎም ሥራው ካለቀ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ማወቅ ይገባል። ሐረር ከሚገኝ ወዳጄ የሚመጡልኝ ትንንሽ ጎድጓዳ ሳሕኖች ለምሳሌ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ጌጦች ስለሆኑ ውኃ አይነካቸውም፤ አልፎ አልፎ በደረቅ ጨርቅ አቧራቸው ይነሣል እንጂ አይታጠቡም። ለእነርሱ የሚበቃው ቀለም በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ለሚቀዳበት ሲኒ ፈጽሞ አይበቃም።

እንቁላል ቀለም ይጠጣል። ቅርፊቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት የኖራ ዓይነት ነገር ነው፤ በላዩም ዶሮዋ ስትጥለው የምታለብሰው ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በአንዳንድ ቦታ ሳስቶ በሌላው ስለሚወፍር ያልታጠበ እንቁላል ላይ የሚሰመር መስመር እዚህ ጋ ደምቆ እዚያ ጋ ይደበዝዛል። ስለዚህ እንቁላሉን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ፣ በውኃ በቀጠነ አቼቶ በነካ ጥጥ አንድ ጊዜ ብቻ ፈጠን ብሎ መጥረግና ወዲያው በውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። አቼቶው ከቆየበት ቅርፊቱን ስለሚበላው ገጹ እንደ ጠመኔ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይም የማርከር ቀለም ግራና ቀኝ ይሰራጫል። ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል ላይ ወዲያው መሳልም አይገባም፤ በድሬዳዋ ወበቅ ቅርፊቱ በደቂቃ ውስጥ ላብ ይይዘዋል። በዚህ ላይ ውስጡ ያልወጣ እንቁላል በዚህ ሙቀት ዕድሜ ስለሌለው ሁለቱን ጫፎች በመርፌ በስቶ፣ ውስጡን ነፍቶ አውጥቶ፣ በውኃ አለቅልቆ አንድ ቀን ማድረቅ ይሻላል። ቀዳዳዎቹ በማሽኑ መያዣ ጎማዎች ሥር ስለሚውሉ ለሥዕሉ እንቅፋት አይሆኑም። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ መያዣውን ማጥበብ ይጠይቃል እንጂ ቀለም አቀባበሉ ከፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ያነሰ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሲኒ ግን አይጠጣም። አንጸባራቂው ልባስ መስታወት ማለት ነው፤ ቀለሙ በላዩ ይቀመጣል እንጂ አይገባበትም፤ በጣት ላይ ያለች ቅባት ደግሞ ከልባሱ ጋር እንዳይጣበቅ ታደርገዋለች። ከመሳል በፊት ሲኒውን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በአልኮል በነካ ጥጥ ጠርጎ ከዚያ በኋላ አፉንና እግሩን ብቻ ይዞ ማሽኑ ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ሲኒ ለዚህ ማሽን የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ የሚመችበት አንድ ነገር አለ፤ እጀታ የለውም። የሻይ ኩባያ በዞረ ቁጥር እጀታው እስክሪብቶውን ይመታዋል፤ ጀበናም በጆሮዋና በአፏ ምክንያት የሚታሰብ አይደለም፤ ሲኒ ግን ሙሉ ዙር ይዞራል። ታችኛው ክፍሉ ከላዩ ስለሚጠብ በአፉ በኩል ሰፊ፣ በእግሩ በኩል ጠባብ መያዣ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ብታለብሷቸው አይንሸራተትም፣ አይሰበርም።

ቅል በእንቁላልና በሲኒ መካከል ያለ ነው። ልጡ በደንብ ከተፋቀና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ከታሸ እንደ እንጨት ይጠጣል፤ ካልታሸ በላዩ ያለው ሰም መሰል ነገር ቀለሙን ያንሸራትተዋል። ጉብጉብ ስለሚል ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጫፍ በጉድጓዶቹ ላይ እየዘለለ ያልፋል፤ እዚህ ወፍራም መስመር የሚመረጠው ለውበት ብቻ ሳይሆን በግድ ነው።

ለልምምድ የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚተካከለው የለም። ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተወሰነ፣ ክብነቱ የተስተካከለ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ነው፤ አብዛኛው በአልኮል የሚሟሟ ቀለም ሲኖርበት በአልኮል ተጠርጎ እንደገና ያገለግላል።

የቀለም ዓይነቶችና ጠባያቸው

ተራ ቢክ እስክሪብቶ የሁሉም የመጀመሪያ ሙከራ ነው፤ የእኔም ነበር። ቢክ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ እንድትንከባለል ጫና ትፈልጋለች፤ ማሽኑ ግን የሚጫነው በክንዱና በእስክሪብቶው ክብደት ብቻ ነው። ሲኒ ላይ ኳሷ ሳትዞር ትንሸራተታለች፤ እንቁላል ላይ ጥቂት ከሠራች በኋላ የቅርፊቱ ዱቄት ገብቶባት ትቆማለች። ክብደት ቢጨመርበት የተነፋ እንቁላል ይሰነጠቃል። ጄል እስክሪብቶ በትንሽ ጫና ስለሚፈስ ከቢክ ይሻላል፤ ነገር ግን እንቁላል ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ማሽኑ ደግሞ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ነበረበት ሲመለስ ራሱ ያሰመረውን ራሱ ያጠፋዋል። በማሸት የሚጠፉት እስክሪብቶዎች ቀለም ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጨርሶ የማይታይ የሚሆን ነው፤ እነዚህን በዚህ ከተማ ለስጦታ መጠቀም ትልቅ ስሕተት ነው፤ በግንቦት ቀትር መስኮቱ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ባዶውን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በአልኮል የሚሟሟው ፐርማነንት ማርከር ለእንቁላልና ለፒንግ ፖንግ ኳስ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሻርፒ ቀጭን ጫፍ ያለውን ብዙ ሰዎች ለዚህ ማሽን ይጠቀሙበታል፤ በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል፣ ደማቅ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ጉድለቱ ጫፉ አንድ ቦታ ላይ ለቅጽበት ከቆመ ነጥብ ጥሎ መሄዱ ነው። ፕሮግራሙ እስክሪብቶው ካረፈ በኋላ የሚጠብቅበትን ጊዜ የተቻለውን ያህል ማሳጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚሁ ወገን ስቴድለር ሉሞከለር የሚባለው ቀድሞ በፕሮጀክተር ለሚታይ ላስቲክ መጻፊያ የሚያገለግለው ማርከር ለእኛ ሀገር ሙቀት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አምራቹ ክዳኑ ተከፍቶ ለቀናት ቢቆይ እንዳይደርቅ አድርጎ ያዘጋጀው ነውና። ጫፎቹም በፊደል የተለዩ ናቸው፤ ኤስ 0.4፣ ኤፍ 0.6፣ ኤም 1 ሚሊ ሜትር ያሰምራሉ።

ደቃቅ የቀለም ዱቄት ያለባቸው ቀጫጭን የሥዕል እስክሪብቶዎች፣ ለምሳሌ ሳኩራ ፒግማ ማይክሮን፣ እንቁላል ላይ እጅግ ንጹሕ መስመር ይሰጣሉ። ቁጥራቸው ያሳስታል፤ 01 ተብሎ የተጻፈበት 0.25 ሚሊ ሜትር፣ 05 የተባለው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ውኃ ነክ፣ ማለትም ቀለማቸው በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ፣ ሲኒ ላይ እንደ ጤዛ ይሰበሰባሉ እንጂ አይያዙም። ጫፋቸውም ስስ ፕላስቲክ ነውና የእንቁላል ቅርፊት ቶሎ ይሞርደዋል፤ መስመሩ ሳትጠብቁት ወፍሮ ስታዩ ቀለሙ አላለቀም፣ ጫፉ ነው የተበላው።

የቀለም ማርከር ማለትም እንደ ግድግዳ ቀለም የሚሸፍነው፣ ስትነቀንቁት ውስጡ ኳስ የሚንቃጨለው፣ ሲኒ ላይ ሊቆይ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ውኃ ነክ የሆነው እንደ ፖስካ ያለው ሽታ የለውም፣ በጥቁር ላይ ነጭ ያወጣል፣ ሲኒ ላይ ከተሳለ በኋላም በምድጃ ውስጥ 160 ዲግሪ ላይ 45 ደቂቃ ያህል ሲጋገር ይጠነክራል፤ ሲኒው ምድጃው ሳይሞቅ ገብቶ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ዘይት ነክ የሆነው ያለ ምድጃም በደንብ ይይዛል፤ ግን ሽታው ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈልጋል። ሁለቱም ለማሽን አንድ ችግር አላቸው፤ ቀለሙ የሚፈሰው ጫፉ ሲጫን በሚከፈት ክዳን መሰል ነገር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አይጫንም። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀድሞ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ በየንብርብሩ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ንብርብር መጨረሻ ማሽኑን አቁሞ፣ ማርከሩን አውጥቶ በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መጫንና መመለስ ይገባል። ይህን ፈጽሞ ሲኒው ላይ እንዳታደርጉት፤ የሚወጣው ጠብታ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የትኛውም ማርከር ለምግብ ንክኪ የተሠራ ስላልሆነ ሥዕሉ ከሲኒው አፍ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ብቻ መሆን አለበት።

የኋይት ቦርድ ማርከር የማይረባ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ ያተረፈልኝ እሱ ነው። መስታወት መሰል ገጽ ላይ በደረቅ ጨርቅ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሲኒው ሥዕል ከመሠራቱ በፊት ሙሉውን በእሱ አስስዬ፣ ስሙ መሀል ላይ ማረፉን፣ ጌጡ የተዘጋ ዙር መሥራቱን አይቼ፣ ጠርጌ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ማርከር እገጥማለሁ። እንቁላል ላይ ግን አይጠፋም፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል።

የምሕንድስና ቢሮዎች በአንድ ወቅት ይጠቀሙበት የነበረውን ባለ ብረት ጫፍ ራፒዶግራፍ የሚያቀርቡልኝ ሰዎች አሉ። ቅርፊቱን ይቧጥጣል፣ በዚህ ሙቀትም ቶሎ ይደፈናል፤ ከዚህ በላይ ጊዜ አይገባውም።

ሱቅ ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል

በገበያ ከሚገኙት ማርከሮች አብዛኞቹ ማሸጊያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ የማይነበብ ወይም የታወቀ ስም አስመስሎ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ስሙን ከማመን ቀለሙን መጠየቅ ይሻላል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ወዳለው ታይዋን ገበያ ስሄድ በወረቀት የተጠቀለለ የሲኒ ስባሪና ከአልኮል ጋር ትንሽ ጥጥ እይዛለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ስባሪውን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ ባለሱቋ፣ «አቦ፣ ማርከር ልትገዛ ነው የመጣኸው ስባሪ ልትሸጥልኝ?» ብላኝ ነበር፤ አሁን ግን ገና ስገባ ራሷ ክዳኑን ከፍታ ትሰጠኛለች።

አንድ መስመር አሰምሩና እስከ ስድሳ ቁጠሩ። በደረቅ አውራ ጣት ስታሹት ከጠፋ የኋይት ቦርድ ነው፤ ላዩ ላይ ፐርማነንት ተብሎ ቢጻፍበትም አትመኑት። በረጠበ ጣት ከለቀቀ ውኃ ነክ ነው። ውኃ ሳያስለቅቀው በአልኮል ጥጥ ከለቀቀ በአልኮል የሚሟሟው ነው፤ ለእንቁላል ይሆናል፣ ለሚታጠብ ሲኒ አይሆንም። አልኮሉንም ከተቋቋመና የቲነር ሽታ ካለው፣ ዘይት ነክ የቀለም ማርከር ነው፤ እሱን አንድ ብቻ ገዝቶ በማግስቱ ደርቆ ማየት ያስፈልጋል። ፖስካን የመሰለው ውኃ ነክ የቀለም ማርከር ሳይጋገር በዚህ ፈተና መውደቁ አይቀርም፤ እሱን የሚለየው ሲነቀነቅ የሚሰማው የኳሱ ድምፅ ነው። ጫፉንም ልብ በሉ፤ በብረት የተከበበ ጫፍ ጠርዙ ሲኒው ላይ እየጨረፈ ቀለሙን ሊቧጭር ስለሚችል፣ ከብረቱ በግልጽ ወጣ ያለ ጫፍ ያለውን ምረጡ።

የፊደል ጉዳይ

በድሬዳዋ የሚመጣልኝ ሥራ በአብዛኛው ስምና ቀን መጻፍ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ እንደ ባለጉዳዩ ይለያያል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ብዙ አያስቸግርም። የግዕዝ ፊደል ግን የእስክሪብቶውን ውፍረት ይፈትነዋል፤ በተለይ የኃምስ ቀለበት። አንድ ጊዜ ቤተልሔም የሚል ስም በ0.7 ሚሊ ሜትር የቀለም ማርከር ጻፍሁና ሲደርቅ አየሁት፤ የ«ቤ»ም የ«ሔ»ም ቀለበት ተደፍኖ «ቢተልሒም» ይል ነበር። ሙሽሪት ስሟን ለውጣ መጣች ብለው እንዳይስቁብኝ ስድስቱንም ሲኒዎች እንደ አዲስ ጀመርሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ማሽኑ ቀለበቱን ሲያዞር ጫፉ የሚሄድበት መንገድ 1.2 ሚሊ ሜትር ወርድ ቢኖረው፣ በ0.4 ጫፍ መሀሉ ላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ0.7 ጫፍ 0.5 ይሆናል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ጫፍ 0.2 ብቻ ይቀርና ቀለሙ ጥቂት ሲሰራጭ ይደፈናል። በወረቀት ላይ 0.7 የሚያሰምር የቀለም ማርከር ደግሞ ሲኒ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ያሰምራል፤ እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነበር። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን በዕቃው ላይ የተሰመረውን መስመር በማስመሪያ ለኩ፤ የፊደሉም ቁመት ከዚያ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። 0.7 ለሚያሰምር ከ7 ሚሊ ሜትር፣ 1 ለሚያሰምር ከ10 ሚሊ ሜትር በታች አልጽፍም። «ፀ»፣ «ዐ» እና «ጭ» ባሉበት ስም ደግሞ ትንሽ እጨምራለሁ።

ሌላው ነገር ማሽኑ የተለመደውን የኮምፒውተር ፊደል ሲያገኝ ዙሪያውን ብቻ የሚከተል መሆኑ ነው። የላቲን ፊደላት በአንድ መስመር የሚጻፉበት ዝግጁ ቅርጽ በኢንክስኬፕ ውስጥ አለ፤ ለግዕዝ ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ በመስመር ራሴ ሣልኋቸው። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ሰው ዙሪያው ለዙሪያ ተጠግቶ እንዳይደፈን ከሁሉ ቀጭኑን ጫፍ መምረጥ አለበት።

ክብደት፣ ዘንበል ማለትና ፍጥነት

እስክሪብቶው ዕቃው መካከል ላይ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄድ ግን ይጋደማል። ቀለሙ በራሱ ክብደት የሚወርድ እስክሪብቶ ሁሉ፣ ቢክና ጄል ማለት ነው፣ ጎኑን ሲያዘነብል ይሳሳል። የተነከረ ጥጥ መሰል ውስጥ ያላቸው ማርከሮች ግን ተጋድመውም ይጽፋሉ። ሥዕሉ ወደ እንቁላሉ ጫፎች የሚዘልቅ ከሆነ ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስነዋል።

ከባድ ማርከር ሰርቮዋን ያደክማታል፤ ሲወርድም እንቁላሉን ይመታዋል። የክንዱን የኋላ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ሮንዴላ ሰክቶ ማመዛዘን ይቻላል። ክብደቱ ልክ የሚሆነው እስክሪብቶው ዕቃው ላይ አርፎ ሳለ በአንድ ጣት ከሥር ስትነኩት በቀላሉ የሚነሣ፣ ስትለቁት ግን ሳይዘል የሚያርፍ ሲሆን ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሁሉም ማርከር የራሱ ልክ አለው። ቀስ ሲል ይወፍራል፣ ሲፈጥን ይዘላል። እኔ አንድ የፒንግ ፖንግ ኳስ ላይ አንዱን መስመር በአምስት ፍጥነት አሰምሬ፣ ከጎኑ ቁጥሩን ጽፌ ለእያንዳንዱ ማርከር አንድ ኳስ አኑሬያለሁ። የቀለም ማርከር ዘገምተኛውን፣ የአልኮል ማርከር ፈጣኑን ይወዳል።

ሙቀት፣ ቬንትሌተርና መብራት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ከእሷ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እኔና ሐረር ያለው ወዳጄ ከአንድ ፓኬት የተካፈልናቸው ማርከሮች እዚያ ሲቆዩ እዚህ ቶሎ ያልቃሉ፤ አልኮሉ ከጫፉ ላይ እየተነነ ነው። ማሽኑ ረጅም ርቀት እስክሪብቶውን አንሥቶ ሲሄድ ጫፉ ይደርቅና የሚቀጥለው መስመር መነሻው ይጎድላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ቅርብ ለቅርብ እንዲሆን በፕሮግራሙ ማስተካከልና ቬንትሌተሩን ማጥፋት። ሁለተኛው በሰኔ ቀትር ከባድ መሥዋዕትነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የቬንትሌተሩ ነፋስ ጫፉን ከማድረቁም በላይ ቀላሉን የተነፋ እንቁላል ያንቀጠቅጠዋል። ማለዳ መሥራት ከሁሉ ይሻላል።

መብራት የሄደ እንደሆነ ሰርቮዋ አቅም ታጣለች፤ ከባድ እስክሪብቶም ተነሥቶ ከነበረ ሊወድቅ ይችላል። ያረፈው ማርከር የአልኮል ከሆነ እናንተ ሻማ እስክታበሩ እንቁላሉ ላይ ጥቁር ክብ ይሠራል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ለእንቁላል ቆሞ የማይፈሰውን፣ ማይክሮንን የመሰለውን እመርጣለሁ፤ ይህ በሌላ ሀገር መመሪያ ላይ የማይገኝ መስፈርት ነው።

ከአንድ ቀለም በላይ ሲሆን

ሁለተኛውን ቀለም ስትገጥሙ ጫፉ የመጀመሪያው የነበረበት ቦታ ላይ ካላረፈ መስመሮቹ ይላቀቃሉ። ሁሉንም ቀለሞች ከአንድ ዓይነት ማርከር ምረጡ፤ ውፍረታቸውና ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ጫፉ አንድ ቦታ ይወድቃል። በእያንዳንዱ ማርከር ወገብ ላይ መያዣው የሚደርስበት ድረስ ፕላስተር ጠምጥሙ፤ ሁልጊዜም እዚያ ድረስ ብቻ ይግባ። ከብሩህ ወደ ጥቁር መሄድ ይገባል፤ ቢጫው ጫፍ ጥቁሩን ካቋረጠ ከዚያ በኋላ ቢጫ አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ ቨርኒሽ መቀባት የሚፈልግ ሰው ቨርኒሹን የሚያሟሟው ነገር ቀለሙንም እንዳያሟሟው መጠንቀቅ አለበት። የአልኮል ማርከር ላይ ውኃ ነክ ቨርኒሽ፣ ማይክሮን ላይ ደግሞ ከደረቀ በኋላ የሚረጭ ቨርኒሽ ይስማማል፤ በብሩሽ ከመቀባት ሦስት ጊዜ በስሱ መርጨት ይሻላል። ሲኒ ላይ ቨርኒሽ አልቀባም፤ በፈላ ቡና ይነሣል። የተጋገረ ሲኒ ለባለጉዳዩ ሲሰጥ በእጅ፣ በለስላሳ ስፖንጅ፣ ያለ በረኪና እንዲታጠብ መናገርና እግሩ ሥር የተሳለበትን ቀን በዚያው ማርከር መጻፍ ልማዴ ነው፤ ከወራት በኋላ ለቀቀ ብለው ሲያመጡልኝ የትኛው ቀለም ስንት ጊዜ እንደቆየ የማውቀው በዚያ ነው።